ያዋስኩት ጀርባ

በስምንት ዓመቴ አባቴ ደረቱን ታሞ ነበር። መድኃኒቱ ሰደሪያ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ፊትና ኋላው እንደ በር የደረቀ ሰደሪያ። ጠዋት ሸሚዙ ላይ ይጭነዋል፣ እስኪተኛ አያወልቀውም። ያውም በግንቦት፤ ድሬዳዋ ላይ ፍየሎች ለቆመ ባጃጅ ጥላ ሲጋፉ በሚውሉበት ወር።

እንዲህ ያለችኝ እናቴ ሳሕራ ናት። «አባትሽ ደረቱን ታሟል። ያ ነገር ደረቱን ይጠብቅለታል።» ሰው ከጠየቀኝ ደግሞ የምሰጠው ሌላ መልስ ነበረኝ፦ «ጅቡቲ ሄዷል።» ሁለቱ መልሶች አልተጋጩብኝም። ከግቢያችን ጀርባ አንድ ሰውዬ ሳንባውን ታሞ፣ ጎረቤት ሁሉ ብርጭቆ ሲለይበት ቤተሰቡ «አገር ቤት ገብቷል» እያለ ደብቆ ነው ያስታመመው። የእኛም እንደዚያው መሰለኝ። በሽታ ያሳፍራል፤ ያሳፈረ ይደበቃል፤ የተደበቀ ጅቡቲ ይሄዳል።

አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶኛል፣ ታይዋን ገበያ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ፣ ነገሩንም በደንብ አውቀዋለሁ። አባቴ ዋይስ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች አጃቢ ነበር። አንድ ቀን በቀትር፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲያዘግም፣ ሰዎች ጆንያ ሊጎትቱ ከኋላ ተንጠለጠሉ። ሊያስፈራራ ወደ ላይ ተኮሰ። ወደ ላይ ተኮስኩ ያለ ሁሉ ሰማይ የሚቀበለው ይመስለዋል። ጥይቱ ከዳገቱ በላይ ድንጋይ ላይ የቆመ፣ ከነገሩ ምንም የሌለበት ሰው አገኘ። ሰውየው ሞተ።

ፖሊስ መረመረ፣ በዋስ ለቀቀው። የሟች ወንድም ግን አልለቀቀውም። እኛ ጋ የሰው ደም በወረቀት አያልቅም። ሽማግሌ መሃል ገብቶ፣ ካሳው ተቆርጦ፣ ጉማ የምንለው እርቅ እስኪወርድ ድረስ የሟች ወንድም ገዳዩን ባገኘበት ቢጥለው ማንም «ለምን?» አይልም። ስለዚህ አባቴ ጥይት የሚከላከለውን የአጃቢ ሰደሪያ ለብሶ ቤት ገባ። አርባ ሦስት ቀን።

ቤት ስል አንድ ክፍል ነው፤ ለገሃሬ፣ ስድስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ። እናቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ ነበርና ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ትነሳለች። አባቴ ያኔ፣ ጎረቤት ሳይነቃ፣ ጣሳ ውሃ ይዞ ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል። የቀኑ መንገድ ያቺው ናት፤ ሃያ እርምጃ ሄዶ ሃያ እርምጃ መምጣት። ከዚያ እናቴ ትወጣና በሩን ከውጭ በቁልፍ ትዘጋዋለች። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሁልጊዜ። ቤቱ ባዶ መስሎ እንዲታይ እኔም አብሬው እቆለፋለሁ። ትምህርት ቤት «ትኩሳት ይዟታል» ተብሎ ተነግሯል። ሁለት በሽተኛ በአንድ ቤት።

መስኮቱ ተዘግቷል። በላዩ ካርቶን ተለጥፏል። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ጧ ጧ እያለ ይንጣጣል። ቬንትሌተር እንዳንከፍት፤ ድምፁ ይሰማል። እንዳንስቅ፤ እንዳናስነጥስ። የግቢው ሴቶች ከበራችን ፊት ልብስ ሲያጥቡ እያንዳንዷን ቃል እንሰማለን፣ እነሱ ግን አይሰሙንም። የጎረቤትን ሐሜት ሁሉ በነጻ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱን ሳልረዳ ነው የሰማሁት፤ በኋላ ነው የገባኝ፤ ያንን ሌላ ቀን።

አባቴ እኔን «አቦ» ይለኛል፤ በሶማሊኛ አባት ማለት ነው። በሶማሊ ወግ አባት ልጁን በራሱ ማዕረግ ይጠራል። እኔም እሱን «አቦ» እለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ አቦ ለአቦ ስንባባል እንውላለን።

«አቦ፣ ይሄ መድኃኒት እንዴት ነው የሚሠራው?» አልኩት አንድ ቀን።

መድኃኒት አይደለም አላለኝም። ተነስቶ የአልጋውን አጎበር አወረደና አንዱን ጫፍ ከአልጋው ራስጌ፣ ሌላውን ከግድግዳው ምስማር አሰረው፤ ወጥሮ።

«እርሳስሽን ቅረጪው። አሁን ወርውሪ።»

ወረወርኩ። እርሳሱ አጎበሩን በስቶ ተንጠለጠለ። አባቴ ፈታው፣ አጣጠፈው፣ እንደገና አጣጠፈው፣ ስምንት እጥፍ እስኪሆን። መልሶ አሰረው።

«አሁንስ።»

አሁን እርሳሱ ገፋ አድርጎት ወደ ታች ወደቀ።

«አየሽ፣ አንድ ክር ብቻውን ይበጠሳል። ሲበዛ ግን፣ የተመታው ጎረቤቱን ይጎትታል፣ ጎረቤቱም ጎረቤቱን። አንዱን ልበጥስ ብሎ የመጣው ሺውን መጎተት ይሆንበታል። ጉልበቱ ለሁሉም ሲካፈል ያልቃል።»

«እንደ ጎል መረብ?»

«እንደ ጎል መረብ። ኳሷን አይመልሳትም፤ ይቀበላታል።»

ሰደሪያውን አንኳኳሁት። ከጨርቁ ውስጥ ደረቱ ላይ አንድ፣ ጀርባው ላይ አንድ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር በኪስ ተከቷል። «ይሄስ?»

«ሰሌዳ ነው። ለትልቁ። ለትንሹ ጨርቁ ይበቃዋል። ትልቁ ግን ሹል ነው፣ ይፈጥናል፣ ክሩ ሳይጠራራ ያልፋል። ሰሌዳው እንደ ሴራሚክ ነው፤ የሽንት ቤት ሴራሚክ አታውቂም? ፊት ለፊት ይገጥመውና ራሱ እየተሰነጠቀ ሹሉን ያደቅቀዋል። ስብርባሪውን ከኋላ ያለው ጨርቅ ይለቅመዋል።»

«ከዚያ ሰሌዳው?»

«አንዴ ከተመታ በቃው፤ ይጣላል።»

«ሲመታ አያምህም?»

አባቴ እርሳሴን ከመሬት አንስቶ ጫፉን አየ። ተሰብሯል። «አይገባም፤ ግን ይመታል» አለ። «በቅሎ እንደረገጠሽ ነው። ደረትሽ ይበልዛል፣ ሳምንት መተንፈስ ያቅትሻል። ግን ትተነፍሻለሽ።»

ሁሉም ገባኝ። ትንሹ ትንሽ ሳል ነው። ትልቁ ትልቁ ሳል ነው፤ ያ ከግቢያችን ጀርባ የነበረው ሰውዬ ከመሞቱ በፊት ይስለው የነበረው። እናቴ ማታ አጎበሩ ላይ ቀዳዳ አይታ «የወባ ትንኝ ልታስበሉን ነው?» ብላ ስትቆጣ፣ እኔና አባቴ አንድ ሚስጥር እንዳለን ሰዎች ተያየን።

አርብ አርብ ከሰዓት ጋሽ ዓብዩ ይመጣል፤ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ ቦርጫም፣ በአንድ እጁ ሐብሐብ አቅፎ። ሰደሪያው የሁለቱ ነበር፤ ለሁለት አጃቢ አንድ ሰደሪያ፣ በተራ። ጋሽ ዓብዩ ተራውን ስለተወ ነው ሰደሪያው እኛ ቤት ያለው።

«ሰዎቹ ምን አሉ?» ይላል አባቴ።

«ሼህ አብዲቃድር ሽማግሌዎቹን ይዞ ለአራተኛ ጊዜ ሄደ። እናትየው ዝም ነው። ታላቅየው ግን ውሃ ቢሰጡት አልቀምስም ብሏል።»

ሰዎቹ ሐኪሞች መሰሉኝ። ታላቅየው ሌላ በሽተኛ ነው፤ ውሃ እንኳ የማይወርድለት። አሳዘነኝ። ከሽማግሌ እጅ ውሃ አለመቅመስ እርቅ አልፈልግም ማለት መሆኑን የዚያኔ ማን ይንገረኝ።

«አንተስ ያለ እሱ እንዴት እየሆንክ ነው?» አለ አባቴ ሰደሪያውን እየነካ።

«እኔማ ስብ አለኝ። ቢገባም መንገድ ይጠፋዋል።»

እናቴ ልትስቅ ብላ አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ግን እንደሚስቅ ሰው አልነበረም የተንቀጠቀጠው። እኔ ብርድ መሰለኝ የሚገባው። ወፍራም ሰው አይበርደውም፤ ልክ ነው።

እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ተመልሳ በሩን ስትከፍት እኔ ነፃ እወጣለሁ። እናቴ ቤቱን ጥላ አትወጣም፣ አባቴ ጭራሽ፤ ስለዚህ የቤቱ እግር እኔ ሆንኩ። ሕፃን የሚነካ የለም ብለው ነው። ከግቢው በር ማዶ የእትዬ ቦጋለች ሱቅ አለ፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ትሰማለች። ሁሉን ታውቃለች፣ እንደማታውቅ ሆና። ስኳር ስትመዝንልኝ «አባትሽ ከጅቡቲ መቼ ነው የሚገባው?» ትልና መልሴን ሳትጠብቅ አንድ ሲጋራ በወረቀት ጠቅልላ ትጨምርልኛለች።

ከሱቁ ደጅ ከተገለበጡ የቢራ ሳጥኖች አንዱ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ ፂሙን ያልተላጨ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ያሻል፤ እዚህ፣ አጥንቱ ላይ። ባለፈው ቀንም አይቼዋለሁ፤ እንደዚሁ እያሸ።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» አለኝ።

«የዋይስ።»

እጁ ቆመ። «አባትሽ የት ነው?»

«ጅቡቲ ሄዷል።»

ራሱን ነቀነቀ። ለእትዬ ቦጋለች «ለልጅቷ ለስላሳ» አላት። ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ ነገር ከጠጣሁ ስንት ቀኔ፤ የእኛ ቤት ውሃ እንኳ ሻይ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ግማሹን ስጨርስ ሰውየው መልሶ ደረቱን ማሸት ጀመረ። ፊቱን አየሁት። ወላሂ፣ ያመመው ሰው ፊት ነው።

«ደረትህን ምን ሆንክ?» አልኩት።

አየኝ ብቻ፤ በማያውቀው ቋንቋ ያናገሩት ይመስል።

እዚህ ላይ ስለ ግቢያችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ እኛ ጋ መድኃኒት ይዋሳል። የእትዬ ቦጋለች የአስም መንፊያ ስድስቱንም ቤት ዞሯል። የሞተ ሰው ክራንች አራት እግር አሽሏል። የተረፈ ኪኒን መጣል ነውር ነው፤ «ያሻለኝ ይኸው» ብሎ ለጎረቤት መስጠት ነው ወጉ። እኔ ከወጉ አልወጣሁም።

ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፦ «አባቴም ደረቱን ነው የሚያመው። ጅቡቲ አይደለም፤ ቤት ነው። ለማንም እንዳትናገር። መድኃኒት አለው፣ የሚለበስ። በጣም ጥሩ ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሰሌዳ አለው። አንዱን ላዋስህ እችላለሁ።»

ይህን ስጽፍ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ያኔ ግን ለስላሳዬን እየጠጣሁ ነበር።

«ሁልጊዜ ይለብሰዋል?» አለ ሰውየው። ድምፁ ደርቋል።

«ሲታጠብ ያወልቀዋል። ንጋት ላይ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ እንደለበሰ ነው።»

ሰውየው ተነስቶ ሄደ። ደህና ዋይም አላለኝም። ያን ጊዜ ያመመው ሰው ጠባይ የለውም ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ሥራዬን ጀመርኩ። እትዬ ቦጋለች ሽንት ቤቷን ስታሠራ የተረፈ ሴራሚክ ከግንቡ ሥር ተደርድሮ ነበር፤ ልኩ ሰሌዳውን ያህል ነው። ሁለቱን በቦርሳዬ አስገባሁ። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ በሳፋ ሲታጠብ፣ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ አልጋው ላይ የተጋደመውን ሰደሪያ ገለበጥኩ። የፊቱን ለአባቴ ተውኩለት፤ ደረቱን ነዋ የሚያመው። ከኋላ ያለውን ኪስ ማጣበቂያ ስከፍተው ቸርርር አለ።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ቦርሳዬ ነው።»

ሰሌዳውን አወጣሁት፤ ከባድ ነው፣ ሕፃን ያቀፍኩ መሰለኝ። ሁለቱን ሴራሚክ አስገባሁ። ሲጋጩ ድምፅ እንዳይሰጡ መሃላቸው የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፌን ጨመርኩ። ዘጋሁት። ሰሌዳውን በቦርሳ ተሸክሜ «ስኳር ላምጣ» ብዬ ወጣሁ።

ሰውየው ሳጥኑ ላይ ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ ዳር ዳሩን ዳሰሰው።

«የትኛው ነው?» አለኝ።

«የጀርባው።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ግን ሁለት አለው እኮ። ስማ፣ ደረትህ ላይ ታስረዋለህ። ትልቁ ሲመጣ አይገባም፤ ግን ይመታል ብሏል አቦ። እንዳትደነግጥ። ሲሻልህ መልስልኝ።»

«ባይሻለኝስ?»

«አንድ ሳምንት እየው። ካልሆነ ጤና ጣቢያ ሂድ።»

ሰውየው ሰሌዳውን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነው። እኔ ስኳሬን ገዝቼ ገባሁ። የአባቴን ጀርባ ከፍቼ፣ ቁልፉን ለታላቅየው አስረክቤ፣ ስኳር ይዤ ገባሁ። ሱሌማን ይባላል፤ ሟች ታናሽ ወንድሙ ነው።

አባቴ በማግስቱ ሰደሪያውን ሲደርብ «ዛሬ ቀለለኝ» አለ።

«ለመድከው» አለች እናቴ።

እኔ በልቤ፦ እየተሻለው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ከሁሉም ይበልጥ ጠበቡ። መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። በካርቶኑ ስንጥቅ የሚገባ አንድ ቀጭን ብርሃን ነበረን፤ ከግድግዳው ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ወለሉ ሲሄድ እያየን ሰዓት እንቆጥራለን። አባቴ መናገር ተወ። ከበሩ እስከ ቁምሳጥኑ አምስት እርምጃ ነው፤ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ግንባሩን ይዞ የሚከፈትለት ይመስል።

ማታ ለእናቴ በሹክሹክታ፦ «ልውጣና የፈለጉትን ያድርጉኝ። ይሄ ከመሞት ምን ይለያል?»

«እኛን ምን ልታደርገን?» አለችው። «ዋይስ፣ ለኔ ብለህ አይደለም። ለዚች ልጅ።»

እኔ የተኛሁ መስዬ ሐኪሞቹን ረገምኳቸው። ከተሻለው ለምን አይለቁትም?

ከዚያ የበሩ ቀን መጣ። እናቴ ሥራ ናት፣ እኛ ተቆልፈናል። ረፋድ ላይ የወንድ ጫማ ኮቴ ከግቢው በር ገባ፤ ቀጥ ብሎ ወደኛ። ቆመ። ጓጉንቸሩን አንስቶ ለቀቀው። አባቴ እንዴት እንደደረሰብኝ አላየሁም፤ ብቻ በግድግዳውና በእሱ መሃል ነበርኩ። አቅፎ ጥግ አስገብቶ፣ ደረቱን ለእኔ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ላቡ በፊቴ ይወርዳል። ልቡ በሰደሪያው ውስጥ አልፎ ይሰማኛል። በሩ ተንኳኳ። አንዴ። ሁለቴ።

ትልቁ ሳል መጣበት ብዬ እኔም አጥብቄ አቀፍኩት። እጄ ጀርባው ላይ አረፈ፤ ከጨርቁ በታች የሴራሚኩ ጠርዝ ተሰማኝ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ሴራሚኮቹ ቢጋጩና አቦ ቢሰማ፣ ማዋሴ ቢታወቅብኝ።

«የለም እንዴ ሰው? ቆጣሪ ላነብ ነበር» አለ ከውጭ አንድ ድምፅ። ኮቴው ራቀ።

አባቴ ለብዙ ጊዜ አልተነሳም። ያን ቀን በእኔና በበሩ መሃል የነበረው የአባቴ ሥጋ፣ ሁለት የሽንት ቤት ሴራሚክና የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። እሱ ግን ጀርባው ተሸፍኗል ብሎ ነበር የዞረው። ይሄን ዛሬም አስበዋለሁ፤ ታይዋን ላይ ደንበኛ ሲጠራኝ ሳልሰማው የምቀረው አንዳንዴ በዚህ ነው። ባይሸፈንስ? ይዞር ነበር ወይ? ይዞር ነበር። አውቃለሁ። ግን ጠይቄው አላውቅም።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ጋሽ ዓብዩ ያለ ሐብሐብ መጣ።

«እሺ ብለዋል፣ ነገ ጠዋት» አለ። «መልካ ጀብዱ መውጫ፣ ሁመር ዛፉ ሥር። አንተ በአንድ ሸሚዝ፣ ያለ ጫማ፣ ያለ ዱላ ትመጣለህ። ከሸሚዝ በላይ ምንም አይፈቀድም። ደግሞ…» ወደኔ አየ። «ታላቅየው ልጅቷን ይዛችሁ ኑ ብሏል።»

እናቴ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው። «ልጄን ምን ይሠራላታል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሳሕራ። ሼህ አብዲቃድር በልጆቼ ይሁንብኝ ብሎ ምሏል።»

በማግስቱ አባቴ ሰደሪያውን አውልቆ አልጋው ላይ ተወው። ከሥሩ የወጣው ሰው ቀጭን ነበር። እኔ በደስታ ዘለልኩ። ተሻለው። በሩ በቀን ተከፈተ፤ አባቴ ደፉ ላይ ቆሞ ዓይኑን በእጁ ጋረደ። የግቢው ሴቶች ከልብስ ማጠቢያቸው ቀና አሉ። አንዷም «ጅቡቲ እንዴት ነበር?» አላለችውም። ባጃጅ ውስጥ እኔ ስዘፍን እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ ነበር። «እማ፣ ተሻለው እኮ» አልኳት።

ከዛፉ ሥር ሁለት ረድፍ ሰው ተቀምጧል፤ ወዲህ የእኛ፣ ወዲያ የእነሱ። ከመሃል ሼህ አብዲቃድር፣ ከፊቱ አንድ ጣሳ ውሃ። አባቴ በባዶ እግሩ ጠጠሩ ላይ ቆመ። ማዶ፣ ከአንዲት ጥቁር ከለበሰች አሮጊት ጎን፣ የእኔ ሰውዬ ተቀምጧል።

«እማ፣ ያ ሰውዬ…» ስል እናቴ አፌን ያዘችኝ።

ሱሌማን ተነሳ። ከፌስታል ውስጥ አውጥቶ ሰሌዳውን አባቴ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ይሄ ያንተ ነው?»

አባቴ አየው። እጁ ሳያዘው ወደ ጀርባው ሄደ። ያገኘው እርጥብ ሸሚዝ ብቻ ነው።

«ዘጠኝ ቀን ጀርባህ በእጄ ነበር» አለ ሱሌማን። «ሐሙስ ንጋት ጣሳ ይዘህ ስትወጣ ከግንቡ ማዶ ነበርኩ። እጄም ባዶ አልነበረም። ሃያ እርምጃ ሄድክ። ሃያ እርምጃ ተመለስክ።»

አባቴ «ለምን ተውከኝ?» ሲል፣ ለብዙ ቀን በሹክሹክታ ብቻ ስላወራ ድምፁ ተሰብሮ ነው የወጣው።

«ወንድሜን ከቀበርኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ ‹መቼ ነው?› ይለኛል። ገበያ ‹መቼ ነው?› መስጊድ ደጅ ‹መቼ ነው?› ደረትህን ምን ሆንክ ያለኝ ሰው የለም። ይቺ ልጅ ጠየቀችኝ። ጠይቃም አልተወችኝ፤ ካንተ ላይ አውልቃ ሰጠችኝ። ሲሻልህ መልስ ብላኛለች።» ወደኔ ዞረ። «ላልመልስ ነው?»

ሁሉም ሰው ወደኔ አየ። እናቴ እጇን ከአፌ አነሳች፤ ረስታው መሰለኝ።

«ተሻለህ?» አልኩት።

«አልተሻለኝም» አለ። «ግን እመልሳለሁ።»

ሼህ አብዲቃድር ጣሳውን አነሳ። ሱሌማን ተቀብሎ መጀመሪያ ለእናቱ ሰጣት። አሮጊቷ ጣሳውን ይዛ አባቴን አየችው፤ ከባዶ እግሩ ጀምሮ፣ ቀስ እያለች፣ እስከ ፊቱ። ከዚያ ከንፈሯን ነከረች። ሱሌማን ቀጥሎ ጠጣ። ያኔ ጋሽ ዓብዩ ከአባቴ ኋላ ደረሰና ትከሻውን ያዘው።

ካሳው ሲነገር የአባቴ ወገኖች እያንዳንዱ ቤት ምን ምን እንደሚያወጣ ተናገሩ፤ አንዱ ፍየል፣ አንዱ ጥጃ፣ የማናውቃቸው ዘመዶች ሳይቀሩ። እኔ አባቴ ጭን ላይ ተቀምጬ «አቦ፣ እንደ አጎበሩ ነው እንዴ?» አልኩት። አገጩን አናቴ ላይ አስደገፈ። ከላይ ውሃ ጠብ ጠብ አለብኝ፤ ላብ መሰለኝ።

ሰሌዳው ወደ ሰደሪያው ተመለሰ፣ ሰደሪያው ወደ ጋሽ ዓብዩ። አባቴ ወደ መንገዱ አልተመለሰም። አሁን ቬንትሌተር ይጠግናል፤ ደጅ ላይ፣ በሩን ወለል አድርጎ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ። ዝናብ ቢመጣ እንኳ በሩን አትዝጉብኝ ይላል። የሒሳብ መጽሐፌ የላቡን ቅርፅ ይዞ ቀርቷል። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ ጋር ተጣልቼ ትምህርቴን ስተው እንኳ እሱን አልጣልኩትም። ባይችልም ሞክሯል።

ሱሌማን በየዒዱ ታይዋን ይመጣል። ወንድሙ ሲሞት በሆድ የነበረች ልጅ አለች፤ ቀሚስ የሚገዛው ለእሷ ነው። ቁመቷን በእጁ ያሳየኛል፤ እጁ በየዓመቱ ከፍ ይላል። እኔም ቀሚሱን እያጠፍኩ እጠይቀዋለሁ፤ ሌላ የሚጠይቀው አለመኖሩን ስለማውቅ።

«ደረትህስ?»

መዳፉን ያቺው ቦታ ላይ ያደርጋል። «እንዳልሽኝ ነው» ይላል። «አይገባም፤ ግን ይመታል።»

ከዚያ ፌስታሉን ይቀበለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በሰዉ መሃል፣ ሳይቸኩል ይሄዳል።